ከደንገጎ ቁልቁል፤ የአክስቴ መደብ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ የተጓዘ ሰው ድሬዳዋን የሚያገኛት በድንገት ነው። ጭሮን፣ ሂርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን አልፎ ቀኑን ሙሉ በተራራ ወገብ ሲጠማዘዝ ከዋለ በኋላ ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው ቁልቁል ወደ ድሬ ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሲያዘግም ተሳፋሪው አንድ በአንድ ሹራቡን ያወልቃል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ያለው ሕፃን ውኃ ይጠይቃል፤ መስኮት ይከፈታል፤ የሚገባው አየር ግን እንደ ምድጃ አፍ የሞቀ ነው። ደጋው ከላይ ቀርቷል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስትቀመጥ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጎዳና ግን ከ55 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ውድ አንባቢያን፣ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗን ሳትሰሙ አትቀሩም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላዳገተው እግሩ ሥር ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ እዚያ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። ከዚራ በመስመር የተቀየሰ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ሰፈር ነው። ደቻቱን ተሻግረው የሚያገኙት መጋላ ደግሞ የገበያና የጠባብ መንገድ ዓለም ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ይሁን እንጂ ሲቆጣ አያድርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2006 በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የድሬ ሰው ስለ ደቻቱ ሲያወራ እስከ ዛሬ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እኔ በ2016 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ የወረድኩት ለሽርሽር አልነበረም። አክስቴ ጠርታኝ ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያበሰለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከሰል ምድጃ ላይ አጎንብሳ ነው። ሽንኩርቱ መሬት ላይ በትሪ፣ ሊጡ መሬት ላይ በገበታ፣ እሷም መሬት ላይ። ጉልበቷ እንቢ ካለ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሐኪሙም ቁጭ ብድግ ማለቱን እንድትተው ነግሯታል። በቀደመው ረመዳን የሠፈሩን ሳንቡሳ የጠቀለለችው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ትሪውን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ግማሹን ጎረቤት ጠቀለለላት። ይህ ለአክስቴ ቀላል ነገር አይደለም። እርሷ የምታበላ እንጂ የምትረዳ ሴት ሆና አታውቅም።

«ልጄ፣ ዘንድሮስ ቆሜ ልሥራ፤ ሌላ አልፈልግም» አለችኝ በስልክ።

ቆሞ ለመሥራት ደግሞ መደብ ያስፈልጋል። የእብነ በረድ ዋጋ ጠይቀን ዝም ብለን ከሱቁ ወጣን። እንጨት በዚያ ሙቀት ይሰነጠቃል፣ ምስጥም አይምረውም። ታናሹ ያክስቴ ልጅ ነው ታዲያ «በሲሚንቶ ለምን እኛው አንሠራውም?» ያለው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ከርሟል። እኔም የተማርኩ መሆኔን ላሳይ ነው መሰል «ቀላል ነው» አልኩ።

ሲሚንቶ በድሬዳዋ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው እዚሁ ነው፤ ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ነውና። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ እሳት ሲቃጠሉ ክሊንከር የሚባል ጓል ይሆናሉ፤ ያም ከጥቂት ጀሶ ጋር ተፈጭቶ በከረጢት የምንገዛው ግራጫ ዱቄት ይሆናል። የግንበኞቻችንም ቋንቋ እስከ ዛሬ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ሊሾ፣ ካሳፎርማ፣ ላሜራ። ወራሪው ተባረረ፤ ቃሉ ግን ከአሸዋው ጋር ተቦክቶ ቀረ።

በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር ጥሩ ነበር። አክስቴን ግድግዳ አስደግፈን አቆምናትና ክንዷን አጥፋ ከመሬት እስከ ክርኗ ለካን። መደቡ ከክርን አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ትከሻ ያማል። በሱቅ የሚሸጠው ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አክስቴ አጭር ስለሆነች 80 ወጣልን። ርዝመቱ 140፣ ስፋቱ 60፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ተስማማን። ይህ 42 ሊትር ኮንክሪት ነው፤ ሲደርቅ አንድ ኩንታል ይመዝናል። ስለዚህ በብሎኬት ሦስት እግር ገነባንለት፤ አንድ ከዳር፣ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከዳር።

ካሳፎርማውን የሠራነው ከአሮጌ ቁም ሣጥን በተረፈ በር ነው። ፊቱ ፎርሚካ ስለሆነ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ምስጢሩም ይኸው ነው፤ ኮንክሪቱ በግንባሩ ተደፍቶ ይፈሰሳል፤ ከሥር የነካው ገጽ ሲገለበጥ ላይኛው ይሆናል። ቅርጹ ከለሰለሰ እርሱም ይለሰልሳል፣ ቅርጹ ላይ ጭረት ካለ ጭረቱን ይቀዳል። ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጣውላ ከበብነው፣ ማዕዘኖቹን በሲሊኮን ደፈንን፣ በስሱ ዘይት ቀብተን በጨርቅ ጠረግነው። በ6 ሚሊ ሜትር ፌሮ እንደ መረብ አድርገን አሰርንና ከመሐል እንዲውል አዘጋጀነው።

ጥር 28 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከዙህር በፊት አቦካነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የኔ ጥፋት ነው፤ ያክስቴን ልጅ አትውቀሱት። ድብልቁ ሲከብደኝ ውኃ ጨመርኩበት። አሁንም ከበደኝና አሁንም ጨመርኩ፤ እንደ ሾርባ ሲፈስ «ይኸዋ!» ብዬ ደስ አለኝ። አሸዋውንም ከደረቁ ወንዝ እንደመጣ፣ ሳናጥብ፣ ሳንነፋ ነው የተጠቀምነው። ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ አፈሰስነው። በማግስቱም ሐረርን ሳላይ አልመለስም ብዬ፣ ያክስቴን ልጅ አስከትዬ በሚኒባስ ደንገጎን ወጣሁ።

ሐረር ጀጎልን ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ግንብ የከበባት ከተማ ውበቷ የተሸሸገው ከውስጥ ነው። ከውጭ የሚታየው የኖራ ቅብ ግድግዳና ጠባብ መንገድ ነው። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ጊዲር ጋር የሚባለው ትልቁ ክፍል ይቀበልዎታል፤ በግድግዳው ላይ ስፌቶች፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ መደርደሪያዎች፣ ከመሬቱ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የተነሡ መቀመጫዎች። ነደባ ይሏቸዋል። አሚር ነደባ የባለቤቱ ቦታ ነው፤ ከዚያ ወደ በሩ የሚያይበት። ጊዲር ነደባ ትልቁ መደብ ነው፣ ጢት ነደባ ትንሹ። ማን የት እንደሚቀመጥ መደቡ ራሱ ይናገራል። ወለሉና የመደቡ ግንባር በቀይ አፈር ይቀባል፤ ሐረሪዎች እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ። ያንን ያየሁትን ጎዳና ከአውቶቡስ መስኮት በሩጫ ማለፌ በዚያ ቤት ውስጥ ቆሜ ቆጨኝ።

ከዚህ ቤት ውስጥ ወንበር የሚባል አያስፈልግም። ዕቃው ከቤቱ ጋር ተገንብቷል፤ ቤቱ ሲወረስ መደቡም አብሮ ይወረሳል። እኛ «ዘመናዊ» ብለን በሲሚንቶ የምንሞክረውን እነርሱ በድንጋይና በጭቃ ጨርሰውታል።

የቤቱ እመቤት ያክስቴ የቆየች ወዳጅ ናቸው። ቡና አቀረቡልን። ስለ አክስቴ ጉልበት ጠየቁ፤ ስለ መደቡም በኩራት ነገርኳቸው። ስኒውን አስቀመጡና፦

«መቼ ሠራችሁት?»

«ትናንት፣ እማማ።»

«ታዲያ ማን እየጠበቀው ነው? ነፋስ እንዳይመታው ሸፍናችሁታል?»

እኔና ያክስቴ ልጅ ተያየን። እመቤቲቱ ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ያዘነ ነው። ነደባ አዲስ ሲለሰን በርና መስኮት ይዘጋል፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ በእጅ እየራሰ ይታሻል፣ ቸኩሎ የደረቀ ልስን ይሰነጠቃል፤ ይህን ከእናታቸው ያዩት ገና ልጅ ሳሉ ነው አሉኝ። «የናንተስ ሲሚንቶ ልጅ አይደለም እንዴ? በፀሐይ ጥለውት ይወጣሉ?»

ያንን ምሽት የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠን፤ እዚያው አደርን። ሐሙስ ጥር 30 ቀን ረፋዱ ላይ ድሬ ስንደርስ አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምንም አላለችም። ግቢው ውስጥ ስንገባ መደቡ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቋል። ከመሐል ደግሞ አንድ ስንጥቅ ጣት ባይገባበትም ጥፍር ይገባበታል።

«አላህ ያሰበውን ነው፤ ገንዘቡ አያስቆጭህ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገብታ በርጩማዋን ሳበች። በርጩማው ወለሉ ላይ ሲጎተት የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል።

ከዐስር በኋላ ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ግንበኛ ተጠሩ። ሠፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ብቻ ነው የሚላቸው። ስንጥቁን በጣታቸው ተከትለው ሄዱ፣ ስባሪውን በጥፍራቸው ፋቁት፤ ዱቄት ረገፈ።

«አቦ፣ ይህን ማን ውኃ አጠጣው?» አሉ።

እጄን አነሣሁ።

ሐጂ የነገሩኝን በየትም ትምህርት ቤት በዚህ አኳኋን አልሰማሁትም። ሲሚንቶ ደርቆ አይደለም የሚጠነክረው። ውኃ ጠጥቶ ነው። ዱቄቱና ውኃው ተዋሕደው አዲስ ነገር፣ ድንጋይ፣ ይሆናሉ፤ ይህም በአንድ ቀን የሚያልቅ ሳይሆን ለሳምንታት የሚቀጥል ሥራ ነው። ታዲያ ሁለት ጥፋት አለ፤ አንዱ ሲቦካ ውኃ ማብዛት፣ ሌላው ከተፈሰሰ በኋላ ውኃ መንሣት። በመጀመሪያው ትርፉ ውኃ ሲተን ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ኮንክሪቱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ይሆናል፣ ሲኮማተርም ይሰነጠቃል። በሁለተኛው ፀሐይና ደረቁ የድሬ ነፋስ ላይኛውን ገጽ ሥራው ሳያልቅ ያደርቁታል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ቀን አሟላሁ።

እንደገና ጀመርን። አሸዋውን በመጀመሪያ መረመርን፦ በብርጭቆ ማሰሮ እስከ ግማሽ አሸዋ፣ ከላይ ጥቂት ጨው ያለበት ውኃ፣ በደንብ ነቅንቆ ማስቀመጥ። ከሰዓታት በኋላ አሸዋው ከሥር፣ ደለሉ ከላይ ተለይተው ይተኛሉ። ደለሉ ከ100 እጅ ከ6 በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ አለበት። የኛ ደለል ሳይለካ በዓይን ይታይ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ አሸዋ ስናጥብና ስንነፋ ዋልን፤ ያክስቴ ልጅ «ከዚህ ይልቅ ሩዝ ማጠብ ይሻለኛል» እያለ።

የካቲት 3፣ እሑድ፣ ከሱብሒ በኋላ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ጀመርን። ልኩ በባለ 12 ሊትር ባልዲ እንዲህ ነው፦ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ፣ ሁለት ባልዲ የታጠበ አሸዋ፣ ሦስት ባልዲ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ደቃቅ ጠጠር። መጀመሪያ በደረቁ አንድ ቀለም እስኪሆን ይገለባበጣል። ከዚያ ውኃ፣ ለዚህ ሁሉ ወደ 8 ሊትር ብቻ፤ አሸዋው ከእጥበቱ እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ። ሐጂ ጣሳውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ያዙት። ድብልቁ ሲያፍሱት ቅርጹን ይዞ የሚቆም፣ ሲመቱት ግን የሚተኛ መሆን አለበት። ይከብዳል፤ ይክበድ።

ግማሹን ሞላን፣ ፌሮውን አስተኛን፣ የቀረውን አለበስነው። ከዚያ ሦስታችን ዙሪያውን በመዶሻና በእንጨት እየመታን ለሩብ ሰዓት ያህል አንቀጠቀጥነው፤ አየሩ በአረፋ እየሆነ ወደ ላይ ወጣ። ይህ ካልተደረገ መደቡ ሲገለበጥ ፊቱ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስላል። ላዩን በውኃ ልክ አስተካክለን፣ በፕላስቲክ ሸፍነን፣ በላዩ እርጥብ ጆንያ ደርበን፣ ከቤቱ ጥላ ሥር ተውነው። ፀሐይዋ ያኔ ነው ከጣሪያው በላይ የወጣችው።

እዚህ ላይ ለወጣቶች አንድ ነገር ልናገር። እርጥብ ሲሚንቶ ያቃጥላል። እንደ እሳት ወዲያው አይሰማም፤ ቆዳን ቀስ ብሎ ይበላል። ያክስቴ ልጅ ተንበርክኮ ሲሠራ ሱሪው ረጥቦበት ማታ ጉልበቱ ቀልቶ ተገኘ። የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ የነካዎትን ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠቡ፣ ዱቄቱንም ሆነ ሲፈገፈግ የሚነሣውን ብናኝ እንዳይተነፍሱት አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ጆንያውን ቀን ሦስት ጊዜ ማርጠብ፤ ሰባት ቀን ሙሉ። አክስቴ ይህን ለማንም አልሰጠችም። ከሱብሒ በኋላ፣ ከዙህር በኋላ፣ ከመግሪብ በኋላ በጣሳ እየቀዳች በዝግታ ታርከፈክፋለች፤ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ቆማ ከላይ ነው የምታፈስሰው። «ጠጣ አንተ ወሪያ» ትለዋለች።

በአራተኛው ቀን የዙሪያውን ጣውላ ፈታን። በሰባተኛው ቀን አራት ሆነን፣ ሐጂ «ቀስ! ቀስ!» እያሉ፣ በጎኑ አቁመን ገለበጥነው። ፊቱ የዚያን አሮጌ በር ልስላሴ ወስዷል። አንድ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ነበረበትና በቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ ደፈንን። በማግስቱ በእግሮቹ ላይ አስቀመጥነው። እኔ የሥራ ፈቃዴ አልቆ ስለነበር በዚያው ማታ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ፤ የቀረውን በስልክ ነው የተከታተልኩት።

የቀረውም ቀላል አልነበረም። ኮንክሪት የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ይመጣል። እርድ የነካው ቢጫ ይሆናል፣ ዘይት የፈሰሰበት ይጠቁራል። ስለዚህ ከጥበቃው በኋላ ሁለት ሳምንት እንዲደርቅ ተተወ፤ በውኃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፤ ከዚያ ንጹሕ የተልባ ዘይት በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየሁለት ቀኑ ተቀባ። ከቀለም ሱቅ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ ሌላ ነገር ስለሚጨመርበት ምግብ ለሚነካ ነገር አይሆንም። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅም ጨብጠው ጥግ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣልና የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊነሣበት ይችላል። በውኃ ነክሮ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። በመጨረሻ ላዩ በንጹሕ የማር ሰም ታሸ።

የሲሚንቶ ጥንካሬ በዓለም ሁሉ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ከየካቲት 3 ሃያ ስምንት ቀን ስትቆጥሩ መጋቢት 1 ላይ ትደርሳላችሁ። በዚያ ዓመት ረመዳን የገባው መጋቢት 2 ነው።

መጋቢት 1 ማታ ያክስቴ ልጅ ደወለልኝ፤ ስልኩን መደቡ ላይ አቁሞ ፊቷን አሳየኝ። አክስቴ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ሊጥ ተዘርግቷል። ድንጋይ የሆነ ነገር ቶሎ አይሞቅምና በድሬ ማታ እንኳ ሊጡ እጅ ላይ አልተጣበቀም አለችኝ። ሳንቡሳውን እየጠቀለለች ስለ ሌላ ነገር፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራችኝ። ጨርሶ ስለ ጉልበቷ አላነሣችም።

ለዒድ ራሴ ወረድኩ። መደቡ ላይ ሁለት የነጣ ክብ አየሁ፤ አንዱ የሎሚ ቅርፊት ያደረበት፣ ሌላው ኮምጣጤ የፈሰሰበት። አሲድ ሲሚንቶን ይበላል፤ ሰሙም ብቻውን አይመልሰውም፣ ቶሎ መጥረግ ብቻ ነው። አክስቴ ግን አንደኛውን ክብ የስኒዋ ቦታ አድርጋዋለች።

የተሰነጠቀውስ? ሐጂ ለሁለት ሰበሩትና ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ አነጠፉት። አሁን ልብስ የሚታጠብበት እርሱ ላይ ነው። አክስቴ ጎረቤት ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳየው ማድ ቤቱን ሳይሆን እርሱን ነው፤ «ይኼ የአዲሳባው ልጄ የሠራው ነው» እያለች።